ለጋኦካኦ የእንግሊዝኛ ንባብ የትኛውን መለማመጃ እንግዛ? ንጽጽር

ልጃችሁ ወይም የምታስጠኑት ተማሪ ቻይና ውስጥ ሀይስኩል የሚማር ከሆነ፣ ለእንግሊዝኛ መለማመጃ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ቁጥር ያዙ፦ 50። በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው፣ በጋኦካኦ፣ እንግሊዝኛ የሚታረመው ከ150 ነው። አብዛኞቹ ግዛቶች በሚፈተኑበት አገር አቀፍ ወረቀት ላይ ከዚህ 50 ነጥቡ የአንብቦ መረዳት ነው። በ4 ምንባቦች ላይ 15 የምርጫ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፣ እያንዳንዳቸው 2.5 ይይዛሉ። ከዚያ 5 ዓረፍተ ነገሮች የወጡለት አንድ ምንባብ ይመጣል፤ ተማሪው ከ7 አማራጮች 5ቱን መርጦ ክፍት ቦታዎቹን ይሞላል። እዚህም እያንዳንዱ መልስ 2.5 ነው።

እንግሊዝኛ የሚሰጠው ጁን 8፣ በእኛ ሰኔ 1፣ ከሰዓት በኋላ ሲሆን የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ነው። 20 ደቂቃ ያህሉን የማዳመጥ ክፍሉ ይወስደዋል። መጨረሻ ላይ 40 ነጥብ የያዙ ሁለት የጽሑፍ ሥራዎች አሉ። ተማሪው ለንባቡ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ካገኘ፣ ለአንድ ምንባብ ከነጥያቄው የሚደርሰው ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ነው።

ንባብ ላይ ነጥብ የሚጥሉ ተማሪዎች ችግራቸው ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንዱ ቃላት ያጥረዋል። ሌላው ቃላቱን እያወቀ ንባቡ ይዘገይበታል። ሦስተኛው ምንባቡን በደንብ ይረዳና አማራጮቹ ላይ ይሳሳታል። ለአንደኛው የሚጠቅመው መጽሐፍ የሦስተኛውን ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምንባብ ስጡትና ሰዓት ሳትይዙ ያንብብ፣ የማያውቀውን ቃል ሁሉ ያስምር። ከ300 ቃላት ውስጥ ከ15 በላይ ካሰመረ ጉድለቱ ቃላት ነው። ያለ ሰዓት ሁሉንም መልሶ በሰዓት ግማሹን ከሳተ ፍጥነት ነው። ያሰመረው ጥቂት ሆኖ፣ ጊዜም ተርፎት ከተሳሳተ ግን ጥያቄ አሠራር ነው የጎደለው። ከዚህ በታች ያለውን ንጽጽር ይህን ካወቃችሁ በኋላ አንብቡት።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ወይስ ሞዴል ፈተናዎች?

በጥራት ካየነው ያለፉት ፈተናዎች ተወዳዳሪ የላቸውም፤ ምክንያቱ ያለው ደግሞ ስህተት ተብለው በተቀመጡት አማራጮች አሠራር ላይ ነው። በእውነተኛው ፈተና እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ የተሳሳተበት ግልጽ ምክንያት አለው። አንዱ የምንባቡን ቃል እንዳለ ወስዶ ሐሳቡን ያዞረዋል። ሌላው ለጥቂቶች የተባለውን ለሁሉም ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ በራሱ እውነት ሆኖ ምንባቡ ግን ያላነሳው ነው። ለምሳሌ ምንባቡ «አንዳንድ የከተማ ንቦች ከገጠሮቹ የተሻለ ጤና አላቸው» ቢል፣ አማራጩ «ለንብ ከገጠር ይልቅ ከተማ ይስማማል» ብሎ ይመጣል። ተቻኩሎ ያነበበ ተማሪ «ንብ»፣ «ከተማ»፣ «የተሻለ» የሚሉትን አይቶ ያከብበዋል። ይህን ዓይነት ወጥመድ ደጋግሞ ያየ ልጅ ቀስ በቀስ «አንዳንድ» የምትለዋን ቃል መፈለግ ይጀምራል።

ከተሞችና ትምህርት ቤቶች በሚያዘጋጇቸው ሞዴል ፈተናዎች ይህ ጥንቃቄ ሁልጊዜ አይገኝም። ሁለት አማራጮች እኩል የሚያስኬዱበት ጥያቄ ያጋጥማል፤ ተማሪው በትክክል አስቦ ኤክስ ይደረግበታል፤ ይህ ሲደጋገም በራሱ አስተሳሰብ ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል። ይህን አቅልላችሁ እንዳታዩት አደራ እላለሁ። የሞዴል ፈተና ብልጫ ብዛቱና አዲስነቱ ነው። በሰዓት ለመለማመድ ብዙ ወረቀት ያስፈልጋል፣ እውነተኛ ፈተና ደግሞ በየዓመቱ የሚወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሞዴሉን ለፍጥነት፣ ያለፈውን ፈተና ለማሰብ ልምምድ ግዙ። ያለፈውን ፈተና 10ኛ ክፍል ላይ ላለ ልጅ አትስጡ፤ ቃላቱን ሳይደርስባቸው ይጨርሰውና በኋላ ሲያስፈልገው መልሱን ያስታውሰዋል።

ስትገዙ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፣ የወረቀቱ ስም። እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ላይ ያለው «አገር አቀፍ ወረቀት አንድ» ከዚያ በፊት በሌላ ስም ይጠራ ነበር። ቀደም ባሉት ዓመታት ደግሞ ይኸው «አገር አቀፍ አንድ» የሚለው ስም የሌላ ወረቀት መጠሪያ ነበር። በዚያኛው ንባብ ከ40 ነበር የሚታሰበው፣ እያንዳንዱ ጥያቄ 2 ነጥብ ይዞ። ምንባቦቹ አሁንም ለልምምድ ይጠቅማሉ፣ የ4 ምንባብና የ15 ጥያቄ አወቃቀራቸውም አልተቀየረም። ነገር ግን ሙሉ ፈተና በሰዓት ለማስፈተን የገዛ ሰው የድሮውን ስብስብ ካገኘ ቀሪው ክፍል አይገጥምለትም፤ የጽሑፉም፣ ከንባቡ ውጭ ያለው የጎደለ ቃል መሙያ ክፍልም ነጥብ ሌላ ነው። ቤጂንግ፣ ሻንጋይና ቲየንጂን ደግሞ የየራሳቸው የእንግሊዝኛ ወረቀት አላቸው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለውን የግዛት ወይም የወረቀት ስም ከልጁ ትምህርት ቤት ጋር አመሳክሩ።

ወፍራሙ የጥያቄ መጽሐፍ ወይስ ሳምንታዊው ጋዜጣ?

ቻይና ውስጥ በጣም የታወቀው የጥያቄ መጽሐፍ ተማሪዎች «ዉ ሳን» የሚሉት ነው፤ «አምስት ሦስት» ማለታቸው ነው። ሙሉ ስሙ «የ5 ዓመት ጋኦካኦ፣ የ3 ዓመት ሞዴል» ሲሆን ይዘቱም ስሙ እንደሚለው ነው። በዚህ ስልት የተዘጋጁ መጻሕፍት ጥያቄዎችን በዓይነታቸው ይከፋፍላሉ፦ ዝርዝር መረጃ ፍለጋ፣ ከተባለው ተነስቶ ያልተባለውን መገመት፣ የቃል ፍቺ ከዐውድ ማውጣት፣ ዋና ሐሳብና ርእስ መምረጥ። ሦስተኛው ዓይነት ተማሪ፣ ምንባቡን ተረድቶ ጥያቄው የሚያስተው፣ ከዚህ በላይ የሚጠቅመው መጽሐፍ የለም። ሁልጊዜ የሚስተው አንዱን ዓይነት መሆኑን ያይበታል። ብዙውን ጊዜ ያልተባለውን መገመት ነው።

እዚህ የምትከፍሉት ለማብራሪያው ነው። ጥያቄውማ በየቦታው ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት የመልሱን ክፍል ግለጡና አንድ የመገመት ጥያቄ ፈልጉ። ማብራሪያው «መልሱ ሲ ነው፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይገኛል» ብሎ ካቆመ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው መልሱ። ሦስቱ ስህተቶች ለምን ስህተት እንደሆኑ በየተራ የሚናገረውን ያዙ። የገጹ ብዛት እንዳያታልላችሁ።

ቻይና ሆናችሁ ተማሪ የምታስጠኑ አበሾች አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ማብራሪያው የሚጻፈው በቻይንኛ ነው። ቻይንኛ የማያነብ አስጠኚ መጽሐፉን ብቻውን ይዞ ማስተማር ይከብደዋል። መውጫው ተማሪው ራሱ ማብራሪያውን አንብቦ በእንግሊዝኛ እንዲያስረዳችሁ ማድረግ ነው። ለልጁም ጥሩ ልምምድ ይሆነዋል።

ጋዜጣው ሌላ ጥቅም አለው። ለምሳሌ በእንግሊዝኛው ጋዜጣ በቻይና ዴይሊ ሥር የሚወጣው «21ኛው ክፍለ ዘመን» የተማሪዎች ጋዜጣ ለየክፍል ደረጃው የተለየ እትም አለው። የጋኦካኦ ምንባቦች ከእንግሊዝኛ ጋዜጦች፣ መጽሔቶችና ድረ ገጾች ተወስደው የሚቃኑ ናቸው። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ወይም መረጃ ነው፤ የመጨረሻው በአብዛኛው ስለ ሳይንስ ጥናት ነው። ጋዜጣ የሚያነብ ልጅ ይህን አጻጻፍ ቀድሞ ይለምደዋል፦ መጀመሪያ የአንድ ሰው ታሪክ፣ ከዚያ ጥናቱ፣ ከዚያ የተመራማሪው ቃል፣ ከዚያ «ይሁን እንጂ» የሚለው መዞሪያ። ይህን ቅርጽ የለመደ ተማሪ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጽሑፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ከራት በኋላ በ15 ደቂቃ አንዱን ይጨርሳል።

ጉድለቱ ጥያቄዎቹ ላይ ነው፤ ከምንባቦቹ ያነሱ ናቸው። ሌላው ደግሞ ሳይነበብ መከማቸቱ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ጽሑፍ ብቻ መርጦ የሚያነብ ልጅ፣ ሙሉውን አነባለሁ ብሎ ከሚተወው ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ በጅምላ አስመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ፤ ይህ የተለመደ ነው።

ደረጃ የተሰጣቸው የንባብ መጻሕፍት

ወላጆች እነዚህን የሚያልፏቸው ጥያቄ ስለሌላቸው ነው፤ እኔ ግን ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ከሁሉም በፊት የምመርጠው እነሱን ነው። የቻይና የሀይስኩል እንግሊዝኛ ሥርዓተ ትምህርት በመጀመሪያው የግዴታ ምዕራፍ ከክፍል ውጭ በሳምንት ቢያንስ 1500 ቃላት፣ በቀጣዩ ደግሞ 2500 ቃላት እንዲነበብ ይጠይቃል። ለጋኦካኦ የሚያዘጋጀው የቃላት መጠን ወደ 3000 ነው። ይህን ያህል ቃል በዝርዝር ሸምድዶ የሚይዝ ልጅ ይኖራል፤ ቃሉን ምንባብ ውስጥ ሲያገኘው ግን አያውቀውም፣ ምክንያቱም ብቻውን ነው የተዋወቀው። ታሪክ ሲያነብ ያው ቃል በተለያየ ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ይመጣበታል።

የኦክስፎርድ ደረጃ ያላቸው ተከታታይ መጻሕፍት 1ኛው ደረጃ ላይ 400 መሠረታዊ ቃላት ይዘው 6ኛው ደረጃ ላይ 2500 ይደርሳሉ። ቻይና ውስጥ የሚሸጠው እትም ከቻይንኛ ትርጉም ጋር ነው። ለደካማ አንባቢ ትርጉሙ ያበረታታል፤ ለመካከለኛው ግን ጉዳት አለው፤ ዓይኑ ወደሚቀልለው ይሄዳል። ልጃችሁ ከመካከለኛ በላይ ከሆነ በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀውን ፈልጉ፤ ካልተገኘ ቻይንኛውን በወረቀት ይሸፍን። ደረጃውን ለመምረጥ አንድ ገጽ አስነብቡት፤ የማያውቀው ከአምስት ቃላት ከበለጠ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ። እነዚህ መጻሕፍት በአብዛኛው ልብ ወለድ በመሆናቸው የሳይንስ ጽሑፍ አይለምድባቸውም፤ ለዚያ ጋዜጣውን ያክሉበት።

የስልክ መተግበሪያና አስጠኚ

በመተግበሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። ቃል ለማስታወስ ጥሩ ነው። ነገር ግን የቻይና ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ተማሪዎች በመርህ ደረጃ ስልክ ይዘው ግቢ እንዳይገቡ አዟል፤ ሀይስኩል ደግሞ አዳሪው ብዙ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚከፈት ነገር የዓመት ክፍያ አትክፈሉ። ፈተናውም በወረቀት ነው፤ እርሳስ ይዞ ማስመርን የለመደ ልጅ ይጠቀማል።

አስጠኚን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሐምሌ የወጣው «ድርብ ቅነሳ» የተባለው መመሪያ የትምህርት ማስጠኛ ተቋማትን በጥብቅ የገደበ ሲሆን ሀይስኩልንም በዚያው መንፈስ እንዲታይ አድርጓል። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ተቋም ፈቃዱን ያሳያችሁ። አስጠኚ የሚያዋጣው ልጁ ማብራሪያውን አንብቦ አሁንም ካልገባው ብቻ ነው።

ለማን የቱ?

10ኛ ክፍል ሆኖ ቃላት የሚያጥረው፦ ደረጃ ያላቸው መጻሕፍት፣ በሳምንት አንድ። ሌላ አትግዙ። 11ኛ ክፍል ሆኖ የሚዘገይ፦ ጋዜጣውና አንድ የሞዴል ፈተና ጥራዝ፤ በሞዴሉ አንድ ምንባብ በ8 ደቂቃ ይሥራ። 11ኛም ሆነ 12ኛ ሆኖ አማራጭ የሚያስተው፦ በጥያቄ ዓይነት የተከፋፈለው ወፍራም መጽሐፍ፣ ማብራሪያው ከላይ ያልኩትን ካሟላ። 12ኛ ክፍል የመጨረሻው ወሰነ ትምህርት ላይ ለሁሉም የራሱ ግዛት ያለፉ ፈተናዎች፤ በሳምንት አንዱን ሙሉ በሙሉ፣ ከተቻለ እንደ ፈተናው ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ቁጭ ብሎ ይሥራ። በማግስቱ የሳታቸውን ጥያቄዎች ብቻ ይዞ፣ የመረጠው አማራጭ ለምን እንደማያስኬድ በእጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ለዚህ ተራ ደብተር ይበቃል።