«ቬሪፋይድ ስትራይፕ እናከራያለን» ለሚሏችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ

ስትራይፕ በኢንተርኔት ለሚሸጡ ነጋዴዎች የካርድ ክፍያ የሚቀበል የውጭ ድርጅት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት ግን አካውንት አይከፍትም። የሐበሻ ቀሚስ ለዲያስፖራ የምትልኩ፣ በዙም አማርኛ የምታስተምሩ፣ ሶፍትዌር ለውጭ ደንበኛ የምትሸጡ ሁሉ እዚህ ጋ ስትደርሱ መንገዱ ይዘጋባችኋል። መንገድ በተዘጋበት ደግሞ ደላላ አይጠፋም። ቴሌግራም ላይ «ሙሉ ቬሪፋይድ (ማንነቱ የተረጋገጠ) የአሜሪካ ስትራይፕ፣ ዛሬውኑ ሥራ ጀምሩ» እያሉ የሚለጥፉ አሉ። አንዱ አካውንቱን በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጣል፣ ሌላው ከእያንዳንዱ ሽያጫችሁ በመቶ እየቆረጠ ያከራያል፣ ሦስተኛው «የአሜሪካ ኩባንያ ከነስትራይፑ» ብሎ ፓኬጅ ያቀርባል። እባካችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ብዙ ሰው የሚታለለው አካውንቱ መጀመሪያ ላይ በደንብ ስለሚሠራ ነው። ስትራይፕ አዲስ አካውንት ማጣራቱን ሳይጨርስ ካርድ እንዲቀበል ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ፔይአውት (ከስትራይፕ ወደ ባንክ የሚላከው ገንዘብ) ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ አካውንት በ2 የሥራ ቀን መውጣት ይጀምራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ገንዘብ ሲደርሳችሁ እምነት ያድርባችኋል፣ ማስታወቂያ ትጨምራላችሁ፣ ሽያጩም ያድጋል። ጥያቄ የሚመጣው ሽያጩ ሲያድግ ነው። አንድ ቀን ዳሽቦርዱን (የአካውንቱን መቆጣጠሪያ ገጽ) ስትከፍቱ ከላይ ፔይአውት መቆሙን የሚገልጽ መልእክት ይጠብቃችኋል። የባለቤቱ መታወቂያ ከሁለት በኩል ፎቶ ተነስቶ ይላክ ይላል፣ ባለቤቱ በስልኩ ካሜራ ፊቱን ያሳይ ይላል፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ዕቃው የተገዛበት ደረሰኝ፣ ዌብሳይቱ የማን እንደሆነ ማስረጃ ይጠይቃል። የሚፈለገው ፊት እናንተ ጋ የለም። አከራዩ ቢገኝ እንኳ ስለቀሚሱና ስለኮርሱ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ መልሱ እርስ በርሱ ይጋጫል። ከዚህ የባሰም አለ፤ አካውንቱ የተከፈተው በተሰረቀ መታወቂያ ከሆነ ባለቤቱ ጨርሶ አይገኝም፣ እናንተም ሳታውቁት በሰው ማንነት ስትነግዱ ቆይታችኋል ማለት ነው።

አካውንቱን «ገዛሁት» የሚለው ደግሞ የገዛው የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ሻጩ ኢሜይሉን ቢያስረክባችሁም የመልሶ ማግኛ ስልኩ እሱ ጋ ሊቀር ይችላል። ያኔ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብሎ ኮዱን በስልኩ ተቀብሎ ይገባል፣ ፔይአውት የሚገባበትን የባንክ ቁጥር ይቀይራል፣ የሳምንቱን ሽያጭ ይዞ ይሄዳል። ስልኩን ብትቀይሩበትም ለስትራይፕ ደብዳቤ ጽፎ መታወቂያውን ካሳየ አካውንቱ የሚመለሰው ለእሱ ነው፤ ስትራይፕ የሚያውቀው ውል ከእሱ ጋር ያደረገውን ብቻ ነው። ያ ውል አካውንትን ለሌላ ሰው ሽያጭ ማዋልን ስለሚከለክል፣ «ተሰረቅሁ» ብላችሁ አቤት ስትሉ መጀመሪያ የምትናገሩት የራሳችሁን ጥፋት ይሆናል።

ሰው ብዙም የማያስበው ነገር ደንበኛው የባንክ ስቴትመንት ላይ የሚያየው ስም ነው። በስትራይፕ ይህ ስም ከ5 እስከ 22 ፊደል ነው፣ የአካውንቱን ባለቤት ሥራ ማሳየትም አለበት። አከራዩ አካውንቱን የከፈተው በዕቃ ማጓጓዣ ስም ከሆነ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ደንበኛችሁ ለልጇ ቀሚስ በ180 ዶላር አዝዛ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስቴትመንቷ ላይ የምታገኘው የማታውቀው የጭነት መኪና ድርጅት ስም ነው። ለባንኳ ደውላ «ይህን አላውቀውም» ትላለች። አልዋሸችም፣ በእርግጥ አታውቀውም። ቻርጅባክ የሚባለው ይህ ነው። ገንዘቡ ወዲያው ከአካውንቱ ይነሳል፣ ላዩ ላይ 15 ዶላር የሙግት ክፍያ ይቆረጣል፣ ቀሚሱም ሄዷል። የቪዛና የማስተርካርድ ደንበኛ በአብዛኛው እስከ 120 ቀን ድረስ መሟገት ስለሚችል፣ ዛሬ የወጣ ገንዘብ ገና ሙሉ በሙሉ የእናንተ አልሆነም።

ሒሳቡን እንየው። በወር እያንዳንዱ 50 ዶላር የሆነ 60 ሽያጭ አለ እንበል፣ ድምሩ 3,000 ዶላር። ስትራይፕ ለአሜሪካ ካርድ 2.9 በመቶና በአንድ ግብይት 30 ሳንቲም ይወስዳል፤ 87 እና 18፣ በድምሩ 105 ዶላር። ካርዱ ከአሜሪካ ውጭ የወጣ ከሆነ ሌላ 1.5 በመቶ አለ። አከራዩ 15 በመቶ ከቆረጠ 450 ዶላር ሄደ፣ ከስትራይፕ ክፍያ አራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የሚቀረው 2,445 ዶላር ወደ እናንተ የሚመጣው አከራዩ በፈለገው ቀንና በፈለገው ምንዛሪ ነው። ከ60 ሽያጭ 1 ሙግት ብቻ ቢነሳ 1.67 በመቶ ይሆናል፣ ስትራይፕ ደግሞ በአጠቃላይ ከ0.75 በመቶ ካለፈ ብዙ ነው ይላል። አካውንቱ ሲዘጋ ውስጥ ያለው ገንዘብ ሊመጡ ለሚችሉ ሙግቶች መያዣ ተብሎ ለ90 ቀን፣ ለ120 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታሰራል። ሌላው የክፍያ ድርጅት ፔይፓልም የሚዘጋውን አካውንት ገንዘብ እስከ 180 ቀን ሊይዝ ይችላል። ቀኑ ሞልቶ ሲለቀቅ የሚለቀቀው ለማን እንደሆነ መቼም መናገር አያስፈልግም።

አንዳንዱ መዘጋት ደግሞ ዱካ ይተዋል። ማስተርካርድ ማች የሚባል መዝገብ አለው፤ በደንብ ጥሰት ወይም በሙግት ብዛት የተባረረ ነጋዴ ስሙ፣ አድራሻውና የግብር ቁጥሩ እዚያ ለ5 ዓመት ይቀመጣል። ሌሎች የካርድ ተቀባዮችም አዲስ ነጋዴ ከመቀበላቸው በፊት ያዩታል። ዌብሳይታችሁም ከተዘጋው አካውንት ጋር ተያይዞ ስለሚታወቅ፣ በኋላ በትክክለኛው መንገድ በራሳችሁ ስም ስታመለክቱ በዚያው ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ) ልትያዙ ትችላላችሁ።

«የኔ ከደላላ አይደለም፣ ሜሪላንድ ካለው የአክስቴ ልጅ ነው» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ዘመዱ በቅንነት ነው ያደረገው፣ ለዚያ ሲባል የሚደርስበትን እወቁለት። የእናንተ ሽያጭ የሚመዘገበው በእሱ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው በሚሰጠው መለያ) ነው። በዓመቱ መጀመሪያ 1099-ኬ የሚባለው ቅጽ ለእሱም ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤትም ይላካል፣ የሚጻፍበትም ትርፉ ሳይሆን ክፍያ ሳይቀነስ ጠቅላላ ሽያጩ ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ በዓመት 36,000 ዶላር ገቢ አገኘ ተብሎ ይቀርባል። ወጪውን በደረሰኝ ማስረዳት ካልቻለ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ የግል ሥራ ግብር ይመጣበታል። ሜዲኬይድ (የመንግሥት የሕክምና ድጋፍ) ወይም የቤት ኪራይ ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ ያ ቁጥር ድጎማውን ሊያሳጣው ይችላል። በዘመድ መሥራት ከሆነ ሐሳቡ፣ ዘመዱ እውነተኛ የንግድ አጋር ሆኖ፣ ድርጅቱ በስሙ ተመዝግቦ፣ ዕቃውን ከእናንተ እየገዛ ራሱ ይሽጥ፤ ለእናንተ የሚልከውም በደረሰኝ የተደገፈ የዕቃ ዋጋ ይሁን። ያን ጊዜ ስትራይፕም ግብሩም የሚያዩት እውነተኛውን ነገር ነው።

የኩባንያ ፓኬጁ ከሦስቱ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም የውጭ አገር ሰው አሜሪካ ውስጥ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) መክፈት ሕጋዊ ነው። ክፋቱ ዋጋውና የሚደበቀው ነገር ነው። ዋዮሚንግ ለመመዝገብ 100 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ ቢያንስ 60 ዶላር ታስከፍላለች። ዴላዌር ለኤልኤልሲ በየዓመቱ እስከ ጁን 1 ድረስ 300 ዶላር ትፈልጋለች። ላዩ ላይ የሬጅስተርድ ኤጀንት (በኩባንያው ስም ሕጋዊ ደብዳቤ የሚቀበል ወኪል) ዓመታዊ ክፍያ አለ። ኢአይኤን የሚባለው የግብር ቁጥር ግን ነፃ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ሰው ኤስኤስ-4 የሚባለውን የማመልከቻ ቅጽ ሞልቶ በፋክስ መላክ ይችላል፣ በቅጹ 7ለ ላይ ቁጥር በሚጠየቅበት ቦታ «ፎሪን» ብሎ ይጽፋል። ደላላው ግን ቶሎ እንዲያልቅለት የራሱን ወይም የሌላ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ አስገብቶ ያንን ሰው ኃላፊ አድርጎ ሊያስመዘግብ ይችላል። ስለዚህ የተላከውን ኤስኤስ-4 ቅጂና ሲፒ 575 የሚባለውን የማረጋገጫ ደብዳቤ ሳታዩ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ። የሌላ ሰው ስም ካገኛችሁ በ8822-ቢ ቅጽ ይቀየራል።

የባለቤትነት ሪፖርት (የኩባንያው እውነተኛ ባለቤት ማን እንደሆነ ለመንግሥት የሚቀርብ) ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቃችሁም አለ። እ.ኤ.አ. ከማርች 2025 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተመሠረቱ ኩባንያዎች ከዚያ ሪፖርት ነፃ ሆነዋል፣ አትክፈሉ። የማይነግሯችሁ ግን አንድ አለ፤ ባለቤቱ አንድ የውጭ ሰው የሆነ ኤልኤልሲ በየዓመቱ ከባለቤቱ ጋር ያደረገውን ግብይት የሚያሳውቀውን 5472 ቅጽ ከ1120 (የኩባንያ ግብር ቅጽ) ጋር ማስገባት አለበት። ኩባንያውን ለመመሥረት ያወጣችሁት ገንዘብ እንኳ የሚመዘገብ ግብይት ስለሆነ «ምንም አልሸጥኩም» አያድንም። አለማስገባት የሚያስከትለው ቅጣት ከ25,000 ዶላር ይጀምራል። በፓኬጁ ውስጥ ይህ ሥራ በስሙ ተጽፎ ካልተቀመጠ ዋጋው ርካሽ አይደለም። የአሜሪካ ባንክና ፊንቴኮችም (በኢንተርኔት የባንክ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች) የሚቀበሏቸውን አገሮች ዝርዝር ስለሚቀያይሩ፣ አካውንት የሚከፍትላችሁ መኖሩን ኩባንያውን ከመመሥረታችሁ በፊት አረጋግጡ እንጂ በኋላ አይሁን።

ደንበኞቻችሁ አገር ውስጥ ከሆኑ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ቴሌብር አለ፣ እንደ ቻፓ ያሉ ከብሔራዊ ባንክ የክፍያ ሥርዓት ኦፕሬተር ፈቃድ ያላቸው ጌትዌዮች (ዌብሳይት ላይ ክፍያ የሚቀበሉ ድርጅቶች) አሉ፣ በንግድ ፈቃድና በቲን ቁጥር ትመዘገባላችሁ። ወጥመዱ እዚህም አለ፤ ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ ለሙከራ ብሎ የራሱን አካውንት ቁልፍ (ዌብሳይቱን ከጌትዌዩ አካውንት ጋር የሚያገናኘውን ኮድ) አስገብቶ እንደዚያው ይተወዋል፣ ገንዘቡም ለእሱ ይገባል። በራሳችሁ ስም አስመዝግቡ፣ ሚስጥራዊ ቁልፉን ሥራው ሲያልቅ ቀይሩ። ደንበኛው ወደ «እናመሰግናለን» ገጽ መመለሱም መክፈሉን አያረጋግጥም፤ ሰርቨራችሁ የግብይት ቁጥሩን፣ መጠኑንና የገንዘቡን ዓይነት ከጌትዌዩ ጠይቆ ካላመሳከረ በስተቀር ዕቃ አታስረክቡ። የውጭ ካርድ ለመቀበልም መጀመሪያ ባንካችሁን የኢ-ኮሜርስ አገልግሎት እንዳለው ጠይቁ፤ በስንት ቀን እንደሚያስገባ፣ በብር ወይስ በዶላር እንደሆነ፣ ሙግት ሲነሳ ማን እንደሚመልስ በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን በሰው አካውንት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ ዛሬ አዲስ ክፍያ መቀበል አቁሙ። ዳሽቦርዱ ሳይዘጋ የክፍያዎችንና የደንበኞችን ዝርዝር በሲኤስቪ (በኤክሴል በሚከፈት ፋይል) አውርዱ። የታዘዘውን ዕቃ ላኩ፣ የመላኪያ ቁጥሩን አስቀምጡ። መላክ የማትችሉትን ራሳችሁ መልሱ፤ ስትራይፕ የወሰደውን ክፍያ ባይመልስላችሁም ከቻርጅባክ ይሻላል። ለደንበኞቻችሁ ስቴትመንታቸው ላይ የሚያዩት ስም የትኛው እንደሆነ ጽፋችሁ ንገሯቸው፣ ብዙ ሙግት በዚህ ብቻ ይቀራል። ከአከራዩ ጋር አሁን አትጣሉ፤ ወር እየቆጠረ የሚከፍል ደንበኛ ካላችሁ፣ የተቀመጡ ካርዶች ወደ ሌላ አካውንት እንዲዛወሩ ስትራይፕን መጠየቅ የሚችለው የአካውንቱ ባለቤት ብቻ ነው።