ሻክን ፍለጋ ሰፎክ ድረስ

ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ቃል ይዛ መጣች፦ ብላክ ሻክ። ማታ አዲስ አበባ ያለችው አያቷ በስልክ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትላት «ጥቁር ውሻ» አለቻት። «ታዲያ ጥቁር ውሻ ምኑ ይወራል?» አለች እናቴ። እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ኖሪች ከተማ በአስተርጓሚነት ነው የምሠራው። ቃሉን በአማርኛ መመለስ ስላቃተኝ ከነከነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ለሁለታችን የግማሽ ቀን ጉብኝት ያዝኩ።

የተነሳነው ሰፎክ አውራጃ ካለችው ከባንጊ ከተማ ገበያ ነው። እዚያ ነፋስ አመልካቹ ላይ ጥቁር ውሻ ከመብረቅ ጋር ተሠርቷል። አስጎብኚያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሚያውቁትን ሳይቸኩሉ፣ ሳያጋንኑ ይናገራሉ።

ኦገስት 4 ቀን 1577 የባንጊ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ሳለ ከባድ ነጎድጓድ መጣ። በዚያው ዓመት የታተመ አንድ ትንሽ ጽሑፍ፣ ጥቁር ውሻ በምእመናኑ መሃል ሮጦ ሁለት ሰው ገደለ ይላል። ጽሑፉ ውስጥ ግን «ሻክ» የሚል ስም የለም! ስሙ በኅትመት ጎልቶ የወጣው በ1850 ነው። አንድ ቄስ የጎረቤቱ አውራጃ የኖርፎክ ሰዎች የነገሩትን ጻፈ፤ ዓይኑ እሳት የሚመስል፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ ግዙፍ ውሻ በእኩለ ሌሊት መቃብር ቦታ ይመጣል ብለውታል። ሁለቱ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ተደባልቀው ነው የሚወሩት። እኚህ ሰው ለይተው ስላስረዱን ብቻ ገንዘቤ አላስቆጨኝም።

ስለ ቃሉም ሁለቱንም ሐሳብ ነገሩን። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ስኩካ» ማለት ጋኔን ነው። ሌሎች ደግሞ «ሻኪ» ከሚለው የአካባቢው አነጋገር የመጣ ነው ይላሉ፤ ጸጉራም፣ ጭብርር ያለ ማለት ነው። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ስሙም የዚህ አካባቢ ነው፤ ዮርክሽር ብትሄዱ እንዲህ ያለውን ውሻ ባርጌስት ነው የሚሉት።

ቅር ያለኝ ሚኒባሱ ነው። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ወደ ብላይብራ መንደር የሚወስደን 40 ደቂቃ ዘገየ። ልጄ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ደውሎ ይቅርታ ያለን የለም። በዚህ የተነሳ ቤተ ክርስቲያኑን ያየነው ለ20 ደቂቃ ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ያሉት የእንጨት መላእክት ብቻቸውን አንድ ሰዓት ይፈልጋሉ። የራሳችሁ መኪና ካላችሁ በራሳችሁ ሂዱ።

በሩ ላይ የተቃጠሉ ጥቋቁር ምልክቶች አሉ። የሻክ ጥፍር ነው ይባላል። መምህሩ ግን ጎንበስ ብለው ለልጄ አሳዩዋት፤ ጧፍ ተጠግቶ የተቃጠለም ሊሆን እንደሚችል፣ ድሮ ሰው ክፉ ነገር እንዳይገባበት እንዲህ ያደርግ እንደነበር ነገሯት። ጧፍ የሚለውን እኔ ነኝ በአማርኛ ያልኩላት። ከአያቷ ቤት ስለምታውቀው ወዲያው ገባት።

እሁድ ደወልን። «እማማ፣ የውሻ መልክ የያዘ ጋኔን ነው» አለቻት። «በይ ተይ! ቀድሞ እንዲህ አትይኝም?» አለች እናቴ። ከዚያ ምልክቱን በስንት ጣቷ እንደነካችው ጠየቀቻት።