የስትሮክ ድንገተኛ ሲቲ ስካን፦ በአንድ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ያየሁት አገልግሎት

የከተማችን ሆስፒታሎች የሰውነትን ውስጥ በኤክስሬይ በስስ ቁራጭ የሚያነሣውን ሲቲ ስካናቸውን ሲያስተዋውቁ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድሙት የማሽኑን አቅም ነው፤ ባለ 64 ወይም ባለ 128 ስላይስ (በአንድ ዙር የሚያነሣቸው የምስል ቁራጮች) መሆኑን በየሰሌዳው እናነባለን። በስትሮክ የተመታ ሰው ይዞ ለሚሮጥ ቤተሰብ ግን ይህ ቁጥር የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ለእሱ ዋናው ጉዳይ ታማሚው የድንገተኛ ክፍሉን በር ካለፈ በኋላ በስንት ደቂቃ ማሽኑ ላይ እንደሚተኛ፣ ምስሉን ወዲያው የሚያነበው ማን እንደሆነና ውጤቱ ለሚያክመው ሐኪም በምን ፍጥነት እንደሚደርስ ነው። አክስቴን ያስገባንበትን የግል ሆስፒታል የምመዝነው በዚሁ ነው። አስተያየቴ ለማስታወቂያም ለክስም እንዳይውል የሆስፒታሉን ስም ትቼዋለሁ።

አክስቴ የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ንግግራቸው ሲኮላተፍ አንዲት ጎረቤት በቅን ልብ አስፕሪን እንስጣቸው ብላ ነበር፤ ልጃቸው ግን ሐኪም ሳያያቸው ምንም አይቀምሱም ብላ ከለከለች። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ወጣት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀን «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ያያቸው ማን ነው? ስንት ሰዓት ላይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛነት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ግን ብዙ ነገር የሚወሰነው በመልሱ ነው። ታማሚው ከእንቅልፉ ሲነሳ ሕመሙ ከታየበት ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተነሳበት ሳይሆን ደህና ሆኖ ከተኛበት ነው። ሐኪሙ «እማማ፣ ሁለት እጅዎን ያንሱልኝ፤ አሁን ደግሞ ፈገግ ይበሉ» እያለ ሲመረምራቸው ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ለካች፤ የደም ስኳር ሲወርድ ስትሮክን ሊመስል ይችላልና።

ምስሉ ለምን እንደሚያስፈልግ በቤተሰብ ዘንድ በደንብ የሚታወቅ አይመስለኝም። ስትሮክ ወይ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ፣ ወይ ደም ሥሩ ፈንድቶ ደም ወደ አንጎል ሲፈስ የሚመጣ ነው። የቱንም ያህል ልምድ ያለው ሐኪም እጅና ፊት በማየት ብቻ ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት አይችልም፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለመጀመሪያው የሚሰጠው መድኃኒት ሁለተኛውን ሊገድል ይችላል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው የመጀመሪያው ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ታማሚ አንጎል እስካነሣበት ጊዜ ድረስ ሐኪሞች የፈሰሰውን ደም በቀጥታ የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ዛሬ ያለ ኮንትራስት (ደም ሥሮችን አጉልቶ ለማሳየት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) የሚነሣ ሲቲ ስካን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ትኩስ ደምም በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ወዲያው ይታያል።

የረጋ ደም ያመጣው ስትሮክ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። «ሲቲው ንጹህ ነው» ማለት የደም መፍሰስ አልታየም ማለት እንጂ ስትሮክ የለም ማለት አይደለም። ይህን ሰምቶ ተደስቶ ታማሚውን ወደ ቤት የሚመልስ ቤተሰብ ትልቅ አደጋ ውስጥ ይገባል። በማግኔት ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይ እንዲህ ያለውን ጉዳት በጣም ቀድሞ የሚያሳይ ቢሆንም ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድና በሰውነት ውስጥ ብረት አለመኖሩ መጣራት ስላለበት፣ በድንገተኛ ሰዓት በአብዛኛው የሚቀድመው ሲቲ ነው።

የሲቲ ክፍሉን ባለሙያ ሥራ ሳላመሰግን አላልፍም። ብረት ምስሉን ስለሚያበላሽ የጆሮ ጉትቻቸውንና የጸጉራቸውን ሽቦ አንድ በአንድ አውልቆ ለልጃቸው አስረከበ፤ ማተባቸውን ግን ሳይበጥስ ወደ ደረታቸው ዝቅ አደረገላቸው። ግንባራቸውን በለስላሳ ማሰሪያ ካሰረ በኋላ ጎንበስ ብሎ እንዳይንቀሳቀሱ በጆሯቸው ነገራቸው። መናገር ያቃተው ሰው መስማትና መረዳት ሊችል እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ምስሉ እንዳለቀ ተረኛው ራዲዮሎጂስት እዚያው አነበበው፤ ሐኪሙም ለኒውሮሎጂስት (ለነርቭ ሐኪም) ደውሎ ከተማከረ በኋላ እኛን ጠርቶ ስክሪኑ ላይ አሳየን። ከአንጎላቸው ግራ ጥልቅ ክፍል ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ትታይ ነበር፤ ደም ፈስሷል። የአስፕሪኑ ነገር በዚሁ አበቃ። ከ200 በላይ የነበረው የላይኛው ግፊታቸው በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ወደ 140 አካባቢ እንዲወርድ ተወሰነ፤ የረጋ ደም ቢሆን ኖሮ ግፊቱን እንዲህ ማውረድ ራሱ ሊጎዳቸው ይችል ነበር። በማግስቱ ደሙ መስፋት አለመስፋቱን ለማየት ሲቲው ተደገመ፤ አልሰፋም።

ሆስፒታሉ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። የጽሑፍ ሪፖርቱ በጣም ዘግይቶ ደረሰን፤ የምስሉ ሲዲም የተሰጠን ደጋግመን ከጠየቅን በኋላ ነው። ታማሚው ሪፈር ሲባል ተቀባዩ ሐኪም የሚፈልገው ሲዲውን ስለሆነ ፊልሙን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። በኮንትራስት የሚነሣው የአንጎልና የአንገት ደም ሥሮች ምስልም በሌሊት እንደማይሠራ ነግረውናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡ ጥናቶች በትልቅ ደም ሥር ውስጥ የተቀረቀረን የረጋ ደም በቀጭን ቱቦ ጎትቶ ማውጣት ታማሚን ከከባድ የአካል ጉዳት እንደሚያድን ስላረጋገጡ፣ በ2018 የወጡት ደግሞ በምስል ለተመረጡ ታማሚዎች ጊዜው እስከ 24 ሰዓት ሊራዘም እንደሚችል ስላሳዩ፣ የደም ሥሩ ምስል እንደ ትርፍ ነገር የሚታይ አይደለም። የሚያሟሟው መድኃኒትም ሁልጊዜ እንደማይኖራቸው ስጠይቅ አልደበቁኝም። ይህን ግልጽነት አከብራለሁ፤ የሌለውን አለ ብሎ ታማሚን የሚያቆይ ተቋም የባሰ ነውና።

ከሁሉ ያስቆጨኝ ክፍያው ነው። ሐኪሙ ሲቲ እንዲነሡ ካዘዘ በኋላ አክስቴ ስትሬቸር ላይ ሆነው ደረሰኙ እስኪቆረጥ ኮሪደር ላይ ጠበቁ። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ታማሚው በገባ በ20 ወይም በ25 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሣ ይመክራሉ፤ ትልቅ ደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ይገመታል። ማሽኑ ባዶ ነበር፤ ባለሙያውም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ስትሮክ ለተጠረጠረ ሰው አስታማሚውን አስፈርሞ ምስሉን ማንሣትና ሂሳቡን በኋላ መቀበል የአንድ ቀን የአስተዳደር ውሳኔ እንጂ አዲስ ማሽን አይጠይቅም፤ ለሆስፒታሉ አስተዳደርም በጽሑፍ ያመለከትኩት ይህንኑ ነው።