ለአሮጌ ባለ ትልቅ ራም ኮምፒውተር የትኛው ሚሞሪ መፈተሻ ይሻላል?

ያገለገለ ወርክስቴሽን ወይም ሰርቨር ልትገዙ ነው እንበል። 96 ወይም 128 ጊጋባይት ራም ተሰክቶበታል። ሻጩ «ራሙን ፈትሼዋለሁ፣ ንጹህ ነው» ካላችሁ፣ በምን እንደፈተሸው ጠይቁት። መፈተሻው ከፊሉን ሳይነካ «ስህተት የለም» ሊል ይችላላ!

32 ቢት ፕሮግራም በቀጥታ የሚደርሰው 4 ጊጋባይት ድረስ ነው። ፒኤኢ በሚባለው ዘዴ ባለ 36 ቢት አድራሻ ሲጠቀም እስከ 64 ጊጋባይት ይዘልቃል። ከዚያ በላይ ያለውን አያውቀውም። ብዙዎቹ የቆዩ መፈተሻዎች እዚህ ላይ ነው የሚቆሙት።

ስማቸው በጣም የሚመሳሰል ሁለት አሉ፣ አታምታቱ። አንደኛው የፓስማርክ ሜምቴስት86 ነው። ውጤቱ ግልጽ ነው፣ ሪፖርት ይሰጣል፣ ነጻም የሚከፈልበትም አለው። ነጻው በአንድ ሩጫ ከ4 ዙር በላይ አይሄድም። ችግሩ ግን ከ8ኛው ስሪት ጀምሮ የሚነሳው በዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው አዲሱ ሶፍትዌር፣ የድሮው ባዮስ ተተኪ) ብቻ መሆኑ ነው። ባዮስ ብቻ ባለው ማሽን የሚሠራው የድሮው 4ኛ ስሪት ሲሆን፣ እሱ ደግሞ 64 ጊጋባይት ላይ ይቆማል። ስለዚህ ማሽናችሁ ባዮስ ብቻ ከሆነ ለሚከፈልበት ስሪት (ፕሮ) አትክፈሉ፤ ጭራሽ ላይነሳላችሁ ይችላል።

ሁለተኛው ሜምቴስት86 ፕላስ ነው፤ ክፍት ምንጭ፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው 6.00 በባዮስም በዩኢኤፍአይም ይነሳል፣ 64 ቢት ስሪትም አለው። ለእኔ የአሮጌ ባለ ትልቅ ራም ማሽን ምርጫ ይሄ ነው፣ ብዙ አያከራክርም። ብቻ ከአሮጌ ሲዲ ላይ ያለውን ሳይሆን አዲሱን አውርዱ። ሲነሳም መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን የሚሞሪ መጠን ተመልከቱ። የሰካችሁት 96 ሆኖ 64 ካለ፣ ከታች ያለው ዜሮ ስህተት ምንም አይነግራችሁም። ቀይ መስመር ከመጣ ደግሞ አድራሻው አብሮ ይጻፋል፤ ፎቶ አንሱት።

የዊንዶውስ መፈተሻ ምንም አያስጭንም፤ mdsched የሚለውን ትእዛዝ ከመጻፍ ይልቅ በፍለጋው «memory» ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ኤፍ1 ተጭናችሁ ወደ ረጅሙ ፈተና መቀየር ይቻላል። ግን የተበላሸው የት እንደሆነ አይነግራችሁም። ለፈጣን ጥርጣሬ እንጂ ለግዢ ውሳኔ አይበቃም።

የሊኑክሱ ሜምቴስተር ሰርቨሩን ሳያጠፉ ለመፈተሽ ይመቻል። ሲስተሙ ራሱ የያዘውን ራም ግን መንካት አይችልም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚቀር ቁራጭ አለ።

የቆየ መፈተሻ ብቻ ካላችሁ መላ አለው፤ ግማሹን ራም ነቅላችሁ ፈትሹ፣ ከዚያ ሌላውን። ይህ የታመመውን ስቲክ ለመለየትም ይጠቅማል። ጊዜ ግን ይበላል፦ በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ 128 ጊጋባይት አንድ ዙር ለመጨረስ ሰዓታት ይፈጃል፣ ማታ ለቃችሁት ተኙ።

ኢሲሲ ራም (ስህተትን ራሱ የሚያርም፣ በሰርቨር የተለመደ ራም) ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ሃርድዌሩ አንድ ቢት ስህተትን እዚያው ስለሚያርም መፈተሻው ላያየው ይችላል። ባዮሱ ውስጥ ያለውን የሁነቶች መዝገብ ክፈቱና የታረሙ ስህተቶች ተመዝግበው እንደሆነ እዩ። አንድ ስሎት ላይ እየተደጋገመ ከመጣ ያንን ስቲክ አትግዙ።