ደሴ ላይ ደህና የነበረው ላፕቶፕ ኮምቦልቻ ላይ ጋለ፦ የ9 ወር ልምዴ

የገዛሁት ጥር 2017 ላይ ነው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ኮር አይ5 8ኛ ትውልድ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ዲስክ)። ሻጩን በቴሌግራም አገኘሁት፤ አዲስ አበባ ነው። ዋጋው 34,000 ብር። ግማሹን በቴሌብር ላክሁ፣ ዕቃው ደሴ መናኸሪያ ሲደርስ ቀሪውን ጨመርኩ። «ሪፈርቢሽድ ነው፣ ተፈትሾ የመጣ ነው» አለኝ፤ ያገለገለ ግን ታድሶ የሚሸጥ ማለቱ ነው። ችግር ካለው በ7 ቀን ውስጥ መመለስ እችላለሁ።

ሥራዬ የሱቆችን ሂሳብ መያዝ ነው። ቤቴ ደሴ፣ አራዳ አካባቢ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እውላለሁ። ላፕቶፑ ካልሠራ እኔም አልሠራም። ስለዚህ ፍተሻውን በቁም ነገር ነው የያዝኩት።

ከባዮስ ጀመርኩ፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ነው። ሲበራ ኤፍ10 ተጭኜ ገባሁ፤ ፓስወርድ አልጠየቀኝም። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ብዙዎቹ ውጭ አገር ከመሥሪያ ቤት የወጡ ናቸው። ባዮሱ በድሮው መሥሪያ ቤት ፓስወርድ እንደተቆለፈ ከመጣ ማስከፈቱ መከራ ነው። እዚያው የሚታየውን ሲሪያል ቁጥር ሆዱ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያየሁት፤ ገጠመ።

ስክሪኑን አንዴ ሙሉ ነጭ፣ አንዴ ሙሉ ጥቁር አድርጌ አየሁ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫንኩ። ፍላሽ በሁሉም ቀዳዳ ሰካሁ። ደህና ናቸው፣ እስከ ዛሬም ደህና ናቸው።

ኤስኤስዲውን ያየሁት ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። 9,200 ሰዓት ሠርቷል፣ ጤናው 93 በመቶ። ዛሬ 92 ነው። በዚህ በኩል ሐሳብ የለብኝም።

ባትሪው ግን አሳዘነኝ። ሻጩ «4 ሰዓት ይቆያል» ብሎኝ ነበር። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ፓወርሲኤፍጂ» ብላችሁ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ከዚያ «ባተሪሪፖርት» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ፦ powercfg /batteryreport። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፤ ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን የሚይዘው። የኔው ሲመረት 50,000 ሚሊዋት ሰዓት ገደማ ነበር። እጄ ሲገባ 29,400 ነው የሚይዘው። በሥራ ላይ ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆየልኝ። ፎቶ አንስቼ ለሻጩ ላክሁለት። መጀመሪያ «እህቴ፣ ያገለገለ ዕቃ እኮ ነው» አለ። ቁጥሩ ግን አያከራክርም፤ 2,500 ብር መለሰልኝ። ሪፖርቱን ባላወጣ ኖሮ የምለው ነገር አልነበረኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እኔ ያመለጠኝ ሙቀቱ ነው።

ይህን ሁሉ የፈተሽኩት ደሴ ነው፣ ጥር ላይ፣ ገና በጠዋቱ። የጦሳ ተራራ ብርድ ቤት ውስጥ ድረስ በሚገባበት ሰዓት። ላፕቶፑ ፋኑ እንኳ አይሰማም፤ እኔም ደስ ብሎኝ «ቀዝቃዛ ማሽን» አልኩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። መንገዱ አጭር ነው፣ አየሩ ግን ሌላ ነው። በ11ኛው ቀን ኮምቦልቻ፣ ከቀትር በኋላ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራምና ትልቅ ኤክሴል ከፍቼ በቪዲዮ እያወራሁ ሳለ ማሽኑ ተንቀራፈፈ። ማውሱ ራሱ ይጎተት ጀመር። ሆዱን ብነካው ያቃጥላል። ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ስከፍት ፕሮሰሰሩ 98 ዲግሪ ደርሷል። ይሄ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እስከ 3.6 ጊጋኸርዝ መሮጥ የሚችለው 1.1 ላይ ወርዶ ያዘግም ነበር። የመመለሻው 7 ቀን ደግሞ አልፏል።

ደሴ ፒያሳ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። «አብሽሪ፣ ይሄ ይስተካከላል» አለኝና ከፈተው። ፋኑ በአቧራ ታፍኗል። ሙቀቱ እንዲወጣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ተፈትሾ መጣ የተባለውን ዕቃ ማንም ከፍቶ አላየውም ማለት ነው። በጣም ከፍቶኝ ነበር። ተጠረገ፣ አዲስ ፔስት ተቀባ፣ 800 ብር ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ያው ኮምቦልቻ፣ ያው ሥራ፣ ከ82 ዲግሪ አልፎ አያውቅም።

ዛሬ ባትሪው 25,100 ላይ ወርዷል። መብራት ሲሄድ አንድ ሰዓት ተኩል እሠራበታለሁ፤ ለገና አዲስ ባትሪ አስገባለታለሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ግን 8ኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን በደንብ ተቀብሏል። ከዚህ በታች ያለ ትውልድ በርካሽ ቢያቀርቡላችሁ ዊንዶውስ 11ን ላይቀበል እንደሚችል አስቡበት። እኔ ይሄንኑ ሞዴል ደግሜ እገዛለሁ።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ፣ ኮምቦልቻ የሚማረው፣ እንደኔው በኦንላይን አንድ አዘዘ። ጠዋት እንዲፈትሽ አልፈቀድኩለትም። በ8 ሰዓት፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ቪዲዮና ከባድ ፕሮግራም አንድ ላይ አስከፍተን ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለን ሙቀቱን አየን። 84 ላይ ቆመ። ከዚያ ነው ቀሪውን ብር የላከው።