ለ10 ሜትር ኢላማ የሚሆን የአየር ሽጉጥና ፔሌት፦ ለወሎ ሸማች የተዘጋጀ ንጽጽር

የደሴ አየር ቀጭን ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ፣ 1,850 ሜትር ግድም ላይ፣ ወደ አራት አምስተኛ ከፍ ይላል፤ ባቲ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። በታመቀ አየር የሚተኩስ ሽጉጥ የሚበላው ይህንኑ አየር ስለሆነ ካርቶኑ ላይ የታተመው ፍጥነት እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም። ጉዳቱ ግን ለሁሉም ዓይነት እኩል አይደለም፤ አንዱን ክፉኛ ይነካል፣ ሌላውን ጭራሽ አይነካውም። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ይህን ሳያውቅ በዋጋና በመልክ ብቻ ሲመርጥ ነው።

ሪቮልቨር (ባለ ከበሮ የባሩድ ሽጉጥ) የሚያስቡም አሉ። በ25 ሜትር ውድድር ከ7.62 እስከ 9.65 ሚሊሜትር ካሊበር (የበርሜል ቀዳዳ ስፋት) ያለው ሪቮልቨር ይፈቀዳል፤ በውጭ አገር ያሉ ተወዳዳሪዎችም ቀለሁን እየሰበሰቡ መልሰው ይሞሉታል። እዚህ አገር የባሩድ መሣሪያ ነገር በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ ቤት ውስጥ ቀለህ ልሙላ ማለትን አጥብቀን እንቃወማለን። ደግነቱ ጥይት የሚሞላ ተኳሽ የሚያገኘውን ደስታ፣ ፍሬውን መርጦ፣ መዝኖ፣ ለራሱ በርሜል አስማምቶ መተኮስን፣ የአየር ሽጉጥ ተኳሽም ከፔሌቱ፣ ከትንሿ የእርሳስ ፍሬ፣ ያገኘዋል። ለአየር ሽጉጥም ቢሆን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የመሣሪያውን ስም፣ ካሊበርና ፎቶ ይዘው ፖሊስን ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ባሩድ ይሁን አየር አይለይም። ስለዚህ ከቤት እስከ መተኮሻው የሚሄደው በተዘጋ ሻንጣ ነው፤ ወገብ ላይ በፍጹም አይታጠቁት።

የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ደንብ አጭር ነው። ካሊበር 4.5 ሚሊሜትር፣ ክብደት ከ1,500 ግራም ያልበለጠ፣ ምላጩ ቢያንስ 500 ግራም የሚሸከም፣ በአንድ እጅ የሚተኮስ። የኢላማው አሥር ቁጥር (መሃለኛው ክብ) 11.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው። የአየር ጠመንጃ አሥር ቁጥር ግን 0.5 ሚሊሜትር የሆነች ነጥብ ነች፤ ጠመንጃው ላይ ወፍራም ጃኬትና ሱሪም ይጨመራል። ለጀማሪ ሽጉጡን የምንመርጠው ለዚህ ነው።

በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራው

ሲጎተት ሞላው ይታመቃል፤ ምላጩ ሲሳብ ፒስተኑን ወደፊት ይወረውረዋል፤ ከፒስተኑ ፊት ያለው አየር ታምቆ ፔሌቱን ይገፋል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ እንደ ትራስ ሆኖ የሚቀበለውም ያው አየር ነው። ደሴ ላይ ትራሱ በሩብ ስለሚሳሳ ፒስተኑ ብረቱን በኃይል ይመታል። ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ንዝረቱ ይብሳል፣ ጉሚኒውም ሞላውም ቶሎ ይደክማሉ። እንደ ፋይንቬርክባው 65 ያሉ የቆዩ የውድድር ሽጉጦች ግፊቱን ተንሸራትቶ የሚውጥ አካል ስላላቸው ዛሬም ጥሩ ናቸው፤ ርካሾቹ ግን ይህ የላቸውም፣ ገና ፔሌቱ ከበርሜል ሳይወጣ እጅ ላይ ይዘላሉ።

ሁለት ነገር ሞላ ሽጉጥን ይገድላል። አንዱ ያለ ፔሌት መተኮስ ነው፣ ትራሱ ጨርሶ ይጠፋልና። ሁለተኛው በአየር ቀዳዳው ዘይት ማንጠባጠብ ነው። አየሩ ሲታመቅ በጣም ስለሚግል ዘይቱ ይቀጣጠላል፤ ጭስ ይወጣል፣ ድምፁ ይጠነክራል፣ ጉሚኒውም ያርራል። «ኃይሉ ጨመረ» ብሎ የሚደሰት ሰው እየተቃጠለበት ያለው ማኅተሙ፣ አየር የሚያሽገው ጉሚኒ፣ መሆኑን ይወቅ።

በአንድ ጭምቅ የሚሠራው

ለወሎ ደጋ ምርጫችን ይህ ነው። ማንሻውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ሲመልሱት የአንድ ተኩስ አየር ይታመቃል፤ ሞላ የለም፣ ቦምቦላ የለም፣ የሚገዛ ጋዝ የለም። የሩሲያው ባይካል ኢዥ 46ኤም፣ የጀርመኑ ቫይራውኽ ኤች ደብሊው 75፣ የቆየው ፋይንቬርክባው 103 የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ኢዥ 46ኤም 28 ሴንቲሜትር በርሜል ያለው፣ መልኩ ሻካራ፣ ተኩሱ ግን የታመነ ነው። ኤች ደብሊው 75 ቀለል ይላል። ፋይንቬርክባው 103 ከሁሉም የረቀቀ ነው፤ ሁለተኛ እጅ ካገኙና ማኅተሙ ደህና ከሆነ ሌላ አይፈልጉ።

ቀጭኑ አየር ይህንንም ይነካዋል፣ ግን በማይጎዳ መንገድ። በየጊዜው የሚታመቀው የአየር መጠን በሩብ ያንሳል፤ በስሌት 150 ሜትር በሰከንድ የነበረው ፍጥነት ደሴ ላይ ወደ 130 ይወርዳል። 10 ሜትር ላይ ፔሌቱ 7 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል ማለት ነው። ዋናው ነገር ሁልጊዜ እኩል ዝቅ ማለቱ ነው፤ የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥቂት ጠቅታ ከፍ አድርገው ይረሱታል። ኮምቦልቻ የተስተካከለ ሽጉጥ ደሴ ሲወጣ ልዩነቱ 2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

ችግሩ የሚመጣው ከአያያዝ ነው። ማንሻውን በግማሽ ከፍቶ መመለስ ግማሽ አየር ይሰጣል። የታመቀ አየር ትኩስ ነው፣ ቆይቶ ይቀዘቅዛል፤ አንዱን ተኩስ ከጨመቁ በ10 ሰከንድ፣ ሌላውን በደቂቃ ከለቀቁት ሁለቱ አንድ ቦታ አያርፉም። በአንድ ልክ ይጭመቁ፣ በአንድ ልክ ይተንፍሱ፣ በአንድ ልክ ይልቀቁ። ታምቆ አያሳድሩት፤ ጉሚኒው ቅርጹን ያጣል። በብርድ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ተኩሶች ዝቅ ካሉ ማነጣጠሪያውን አይንኩ፣ ማኅተሙ ገና አልሞቀም። ከተጨመቀ በኋላ ፍሽሽ የሚል ድምፅ ከሰሙ ወይም ቀዳዳዎቹ ከሳምንት ሳምንት ወደ ታች እየሸሹ ከሄዱ ኦሪንጉ (ክቡ የጎማ ማኅተም) አልቋል። ጋራዥ ውስጥ ልኩ የሚገጥም ይገኝ ይሆናል፤ ለስላሳ ከሆነ ግን ግፊቱ ጠርዙን ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ጠንካራውን ይምረጡ፤ የሚቀባውም የሲሊኮን ግሪስ እንጂ የሞተር ዘይት አይደለም።

ቀድሞ የሚሞላው

ዛሬ በኦሎምፒክ የሚታዩት ሽታየር፣ ሞሪኒና ዋልተር ይህን ዓይነት ናቸው። ከበርሜሉ ሥር ባለች ትንሽ ቦምቦላ እስከ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አየር ይያዛል፤ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ለእያንዳንዱ ተኩስ እኩል ግፊት ስለሚሰጥ ደሴም ባቲም አንድ ናቸው። ንዝረት የለውም ማለት ይቻላል፤ ለመሙላትም ጉልበት ስለማይጨርስ በ60 ተኩስ መጨረሻ ላይ እጅ አይደክምም። በጥራት የሚወዳደረው የለም።

ጥያቄው አየሩን ከየት ያመጡታል ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር 8 ወይም 10 ባር ይሰጣል፤ ለዚህ ሥራ ምንም አይጠቅምም። ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ የእጅ ፓምፕ ይሠራል፣ ግን ቀጭኑ አየር እዚህም ይገኛል፦ ባሕር ጠረፍ ላይ 60 ጊዜ የሚበቃው ደሴ ላይ 80 ጊዜ ይሆናል። ፓምፑ እርጥበት የሚይዝ ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ በክረምት፣ ጦሳ በጉም ሲሸፈን፣ ያለ ማጣሪያ የገባ አየር ቦምቦላው ውስጥ ውኃ ሆኖ መቆጣጠሪያውን ያዝጋል። ሌላው መንገድ ኤሲና ፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ደረቅ ናይትሮጅን ነው፤ በትክክለኛ የግፊት መቀነሻና መገጣጠሚያ ለልምምድ ያገለግላል።

ኦክስጅን ግን በፍጹም። የበያጁም የሆስፒታሉም ቦምቦላ ግፊቱ የሚበቃ ስለሚመስል ያጓጓል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ጠብታ ግሪስ ሲያገኝ ይፈነዳል፣ ሽጉጡም ከፊትዎ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው።

ሁለተኛ እጅ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያዩት ቦምቦላው ላይ የታተመውን ቀን ነው። ብዙ ፋብሪካዎች 10 ዓመት ይሰጡታል፤ ያለፈበት ከሆነ ሻጩ የአዲስ ቦምቦላ ዋጋ ይቀንስልዎ፣ አለዚያ ይተዉት።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው

በ12 ግራም እሽግ የሚሠሩት ርካሽ ናቸው፣ ያማልላሉም። ለወሎ ግን አይሆኑም። የጋዙ ግፊት የሙቀት ባሪያ ነው፦ 20 ዲግሪ ላይ 57 ባር የነበረው 10 ዲግሪ ላይ 45፣ ዜሮ ላይ 35 ይሆናል። በታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ላይ የጀመረ ተኳሽ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ሲወጡበት ያያል። በፍጥነት ሲተኩሱ ደግሞ ጋዙ ራሱን ያቀዘቅዛል። እሽጉ ሲያልቅም የት እንደሚገኝ አስቀድመው ይጠይቁ።

እንግዲህ ደሴ፣ ወልድያ ወይም ደላንታ ላይ ብቻዎን የሚለማመዱ ከሆነ ባለ አንድ ጭምቅ ይግዙ። ኮምቦልቻ ላይ አምስት ስድስት ሆናችሁ አንድ ፓምፕና ማጣሪያ በጋራ መግዛት ከቻላችሁ ቀድሞ የሚሞላው ይሻላችኋል። ሞላ ሽጉጥ ለውድድር ከሆነ ባቲም ቢሆን ከፋይንቬርክባው 65 ያነሰ አይግዙ።

ፔሌቱ

ብዙ ሰው ብሩን ሽጉጡ ላይ ጨርሶ ለፔሌት ያገኘውን ይገዛል። የምንጨነቅለት ጉዳይ ይህ ነው፣ አሥርና ስምንትን የሚለየው ብዙ ጊዜ ፔሌቱ ነውና።

ለኢላማ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን ብቻ ይግዙ። የሪቮልቨር ኢላማ ተኳሾች ጠፍጣፋ እርሳስ የሚወዱበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ወረቀቱን እንደ መብሻ ቆርጦ ክብ ቀዳዳ ይተዋል፣ ነጥቡ አያከራክርም። ሹሉ ወረቀቱን ይቀደዋል።

ለሽጉጥ ቀላሉ፣ 0.45 ግራም የሚመዝነው፣ ይስማማል፤ አር ደብሊው ኤስ አር 10 የሽጉጡ፣ ማይስተርኩግልን የሽጉጡ፣ ለልምምድም ሆቢ በዚህ ክብደት ይገኛሉ። ኤች ኤንድ ኤን ፊናሌ ማች ቀላሉ 0.51 ግራም ነው። 0.53 ግራሙ ለጠመንጃ የታሰበ ነው፤ ደሴ ላይ ኃይሉ በቀነሰ ባለ አንድ ጭምቅ ውስጥ ይበልጥ ይዘገያል። አር 10 የፔሌቱን የፊት ራስ ዲያሜትር ከ4.48 እስከ 4.51 ሚሊሜትር ለይቶ ይሸጣል። የትኛው የእርስዎን በርሜል እንደሚወድ በንድፈ ሐሳብ አይታወቅም፤ መሞከር ነው። ሽጉጡን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው በ10 ሜትር ከእያንዳንዱ ዓይነት አምስት አምስት በአራት ወረቀት ይተኩሱ። ከቀዳዳዎቹ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይለኩ፤ 8 ሚሊሜትር ውስጥ የገባው ያንተ ነው ይልዎታል በርሜሉ። ከዚያ የቆርቆሮውን የምርት ቁጥር ይመዝግቡና ከዚያው ቁጥር የቻሉትን ያህል ይግዙ። በሳምንት ሦስት ቀን 80 እየተኮሱ ከሆነ 500 የያዘ ቆርቆሮ ሁለት ሳምንት ይሄዳል፣ ለዓመት 25 ቆርቆሮ ነው።

ርካሽ ፔሌት የገዛ ሰው በትዕግሥት ሊያሻሽለው ይችላል። የወርቅ ቤት ሚዛን 0.01 ግራም ይለያል፤ አንድ ቆርቆሮ መዝነው በክብደት ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፣ ዳር የቀሩትን ለማስተካከያ ተኩስ ያደርጓቸዋል። ቀጥሎ ትንሽ ያዘነበለ መስታወት ላይ አንድ በአንድ ያንከባልሏቸው። የፔሌት ቀሚስ፣ ማለትም ክፍት የሆነው የኋላ ክፍሉ፣ ከፊት ራሱ ስለሚሰፋ ሁሉም በቅስት ይሄዳል፤ ጤነኞቹ አንድ ቅስት ይከተላሉ፣ ቀሚሱ የተጣመመው ተንገጫግጮ ሌላ ቦታ ይወድቃል። ቆርቆሮው በመንገድ ከተንገላታ የሚጎዳው ቀሚሱ ነው፤ ክፍተቱን በስፖንጅ ይሙሉት። በክረምት ነጭ ዱቄት ያወጣ ፔሌት አይተኮስም።

ሁለተኛ እጅ ሲመረምሩ

የጆሮ ጥጥ ይዘው በአፈሙዙ ጠርዝ ያዙሩ፤ ጥጡ የሚያዝበት ቦታ ካለ ጠርዙ ተጎድቷል፣ ፔሌቱን ይጥለዋል። የግማሽ ሊትር ውኃ ፕላስቲክ ሞልተው በገመድ ምላጩ ላይ ያንጠልጥሉ፣ ሽጉጡ ወደ ላይ ቆሞ፣ ተጨምቆ፣ ያለ ፔሌት፤ ይህ ግን ለባለ አንድ ጭምቅ ነው። ውኃው 500 ግራም፣ ፕላስቲኩ ትንሽ ይጨምራል፤ ሳይለቅ ካነሳው ደንቡን ያልፋል። ብሎኖቹን ይዩ፤ አናታቸው የተፋቀ ከሆነ ካቻቢቴ ያልለመደ እጅ ውስጡን ነካክቶታል።

መተኮሻው

ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ ወረቀት ለጥፎ መተኮስ የለም፤ እርሳሱ ተመልሶ ዓይን ያገኛል። 3 ሚሊሜትር ላሜራ በ45 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሎ የተበየደበት ሳጥን ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል፤ ከሥሩ ጨርቅ ያንጥፉበት። የኢላማው መሃል ከወለሉ 1.40 ሜትር ይሁን። መነጽር ያድርጉ፤ ከሳጥኑ ጀርባ በር ወይም መተላለፊያ አይኑር። እርሳስ መርዝ ነው፣ እኛም በእጃችን ነው የምንበላው፤ ስለዚህ ከመተኮሻው ወጥተው ማዕድ ከመቅረብዎ በፊት እጅዎን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ እስከ ጥፍርዎ ድረስ ይታጠቡ፣ ልጆችም ከሳጥኑ ሥር የወደቀውን እርሳስ እንዳይለቅሙ ሁልጊዜ ጠርገው ይዝጉት።