ወንጭፍ ላስተማሩን ጋሼ ምስጋና፣ መሞከር ለሚፈልግም ጥቆማ

ባለፈው ቅዳሜ እኔና ታናሽ ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ተነስተን ወደ ጣርማበር ሄደን ነበር። በዕድሜያችን ነክተነው የማናውቀውን ወንጭፍ አንድ ሙሉ ጠዋት በትዕግሥት ላስተማሩን አባት ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ ይህንኑ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ካለም ወደ እሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ፣ በአካል እንደምንጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በወንድሜ ወሬ ነው። የሚኖረው እንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሄዶ የሸክላ ኢላማ ተኩስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞክሮ ስለነበር፣ ለዕረፍት ከመጣ ጀምሮ ቡና በተፈላ ቁጥር የሚያወራው ስለዚያው ነበር። እንደነገረን፣ ጨዋታው የተጀመረው በሕይወት ባሉ ርግቦች ላይ በመተኮስ ነው፤ በርግቦቹ ፋንታ የመስታወት ኳስ፣ ቀጥሎም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ከሸክላ የተሠራ ዝርግ ኢላማ መጣ። የዛሬው ኢላማ በስሙ ሸክላ ይባል እንጂ ከቅጥራንና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚሠራ፣ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 105 ግራም ያህል የሆነ ትንሽ ሳህን ነው። ማሽን ወደ ሰማይ ይወረውረዋል፣ ተኳሹም መሬት ሳይነካ ሊሰብረው ይሞክራል። እናታችን ልጅነቷን በቀወት ቆላ ማሽላ ከግሪሳ ወፍ በወንጭፍ ስትጠብቅ ያሳለፈች ናትና፣ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈልከው? ግሪሳ ብትጠብቅ ኖሮ ባለማሳዎቹ ይከፍሉህ ነበር» አለችው። ወንጭፍ እንሞክር የሚለው ሐሳብ የመጣው በዚያ ምሽት ሲሆን፣ ከጋሼ ጋር ያገናኘን የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው።

ጋሼም እንደ እናቴ ቆላ ተወልደው ማሽላ ላይ ያደጉ፣ በኋላ ወደ ደጋው ወጥተው ገብስ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ጎሕ ሳይቀድ ማማ ላይ ይወጡ እንደነበር፣ ግሪሳ እንደ ደመና ሆኖ እንደሚወርድና አንድ ቀን የተዘናጋ ሰው አገዳ ብቻ እንደሚቀርለት አጫወቱን። እኔ ወንጭፍ የወንድ ልጅ ሥራ ስለመሰለኝ ትንሽ አፈር ብዬ ወደ ኋላ ቆሜ ነበር። ይህን አይተው «ነይ እንጂ ልጄ! ማማ ላይ ወንድና ሴት የለም፤ እህቴ እኔን ታስንቀኝ ነበር» ሲሉኝ ቀለል አለኝ።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት ወንጭፉን ለመስጠት አለመቸኮላቸውን ነው። የመረጡት ቦታ ፊት ለፊቱ ባዶ ተዳፋት፣ ጀርባው በድንጋይ ካብ የታጠረ ማሳ ነው። በመጀመሪያ ወደ ታች ወርደው እረኛ፣ ከብትም ሆነ መንገደኛ አለመኖሩን በዓይናቸው አረጋገጡ፤ ተመልሰውም ተራው ያልደረሰ ሰው ከካቡ ኋላ ቁጢጥ ብሎ እንዲጠብቅ አዘዙ። ጥንቃቄው የበዛ መስሎን ነበር፤ ሆኖም የጠመንጃ ስህተት ወደ ፊት የሚሄድ ሲሆን የጀማሪ ወንጭፍ ስህተት ግን ወደ ላይም፣ ወደ ጎንም፣ ወደ ኋላም እንደሚሄድ የገባኝ ሁለተኛው ድንጋዬ ወንድሜ የተጠለለበትን ካብ መትቶ ሲነጥር ነው።

ቀጥሎ ድንጋይ አስለቀሙን። የሚፈለገው የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ጠርዝ የሌለው ድብልብል ድንጋይ ነው፤ ጠፍጣፋው አየር ላይ ይታጠፋልና ይጣላል። ወንድሜ ጎንበስ ቀና ማለቱ ሰልችቶት «ዳዊት እንኳ የያዘው አምስት ብቻ ነው» ቢላቸው፣ «ጎልያድን በአንዱ ጥሎት የለ? አራቱን ለምን ያዘ? ለሚስተው ነዋ! አንተ አርባ ልቀም» አሉት።

ወንጭፉ ራሳቸው ከበግ ጸጉር የገመዱት ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለው ቀለበት በመሐል ጣት ላይ ይጠለቃል፤ የሌላው ጫፍ ቋጠሮ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይያዛል፤ ድንጋዩም መሐል ላይ ሰፋ ተደርጎ በተጎነጎነው ክፍል ይቀመጣል። እኔ ብዙ ባዞርኩት ቁጥር የሚበረታ መስሎኝ አምስት ስድስት ጊዜ ሳሽከረክረው፣ ጋሼ አንድ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት እንደሚበቃ፣ ጉልበቱ የሚመጣው ከመጨረሻው ግማሽ ዙር እንደሆነና ሌላው ሁሉ ክንድን ማድከም ብቻ መሆኑን አስረዱኝ። ድንጋዩ ሲለቀቅ ዙሩን ትቶ በዚያች ቅጽበት በያዘው አቅጣጫ በቀጥታ ስለሚበር፣ ቋጠሮው እንደ ዓይን ጥቅሻ ያህል ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ኢላማው ተረሳ ማለት ነው። ይህን በቃል ብቻ ቢነግሩኝ ኖሮ ምንም ባልገባኝ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ወንጭፍ ይዘው ከጎኔ ራቅ ብለው በመቆም፣ ሁለታችንም ባዶውን እያዞርን ሳለ «ልቀቂ!» እያሉ እጄ ጊዜውን እስኪለምድ ድረስ ደጋገሙልኝ።

የመጀመሪያው ኢላማችን በ20 እርምጃ ርቀት ላይ የቆመ የምጣድ ስባሪ ነበር። በ31ኛው ድንጋይ መታሁት፤ የምጣዱ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ጋሼ ከተሰበረ እንስራ ላይ ዙሪያውን ጠርበው ክብ ያደረጓቸውን ገሎች ከፎጣቸው ጫፍ ፈትተው ለልጅ ልጃቸው ሰጡት፤ እሱም ከካቡ ኋላ ሆኖ አንድ በአንድ በተዳፋቱ ላይ ያንከባልልልን ጀመር። ወንድሜ ይህን ሲያይ ደነገጠ፤ ለካ እንግሊዝ አገር በተኮሰበት ሜዳም መሬት ለመሬት እየነጠረ የሚንከባለል፣ «ጥንቸል» የሚሉት ኢላማ አለ። እዚያ ያስተማሩት ከኢላማው ፊት ቀድሞ መተኮስን ሲሆን፣ ጋሼም ማንም ሳይጠይቃቸው «ያለበትን ሳይሆን የሚደርስበትን ምታ» አሉት። ልዩነቱ፣ የእሱ ጥይት በጠቅላላው በአብዛኛው 28 ግራም የሚመዝኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፍሬዎች በአንድ ጊዜ የሚበትን ሲሆን ወንጭፍ ግን ያለው አንድ ድንጋይ ብቻ መሆኑ ነው። ጋሼ ከአሥር ገል አራቱን ሰበሩ፤ ወንድሜ አንድ ሰበረ፤ እኔ አንድም አልሰበርኩም፤ አንዱን ግን የሳትኩት በስንዝር ነው፣ ወንድሜ ቢክድም።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ በፀሐይ ቀንም ቢሆን ደረብ አድርጉ፤ ረፋዱ ላይ ከገደሉ ሥር ነፋስና ጉም ስለሚነሳ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብትደርሱ መልካም ነው። ጋሼ ከሦስት ሰው በላይ በአንድ ጊዜ አይቀበሉም። ዋጋም አይቆርጡም፤ ይህ ለእንግዳ ትንሽ የሚያስጨንቅ ስለሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ራሳችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል። ሰዓት ማክበር ላይም አልዋሽላቸውም፤ ጥጃ ጠፍቶባቸው እኛን አንድ ሰዓት ያህል አስጠብቀውናል። በወፍ ወይም በጭላዳ ላይ መወርወር ግን በፍጹም አይፈቅዱም። ጭላዳ ገብሳቸው ውስጥ ሲገባ እሳቸው የሚያደርጉትን እንደሚያውቁ፣ ለጨዋታ ግን ድንጋይ እንደማይወረወርበት ገና ሳንጀምር አስጠንቅቀውናል።

ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ ቃል ገብቶልኛልና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትከሻዬ እስከ ሰኞ ድረስ አልተነሳልኝም ነበር፤ የሰጡኝን ወንጭፍ ግን እናቴ ከእጄ ነጥቃ ጓሮ ስትለማመድበት ሰንብታለች። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ስለሚሆኑ በዚያ ሰዓት አትደውሉላቸው።